የሕይወት ምልክት ከእንጨት፦ ስለ ግብፃውያን «ዐንኅ»

ግብፅን አይቶ የሚመለስ መንገደኛ ለወዳጆቹ ከሚያመጣቸው ስጦታዎች አንዱ ከእንጨት የተጠረበ ትንሽ ቅርጽ ነው። ከወገቡ በታች ሲያዩት መስቀል ይመስላል፤ ከወገቡ በላይ ግን እንደ ውሃ ጠብታ ያለ ክፍት ቀለበት አለው። ይህ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ «የዓባይ ቁልፍ ነው» ይላል፤ ሌላው «የፈርዖኖች ክታብ ነው» ይላል፤ ሦስተኛውም ድምፁን ከፍ አድርጎ «የእኛ መስቀል አባት እርሱ ነው» ብሎ ይከራከራል። ለአንድ ጥያቄ ሦስት መልስ ከተገኘ፥ ጥያቄው ገና አልተመለሰም ማለት ነው። ስለዚህ የዚህን ምልክት ስሙን፣ ትርጉሙን፣ ከእንጨት የሚሠራበትንም ዘዴ በአጭሩ ገልጠን ለጓደኞቻችን ለማቅረብ አሰብን። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስ።

፩ ስሙና ንባቡ

ግብፃውያን ምልክቱን በሦስት ፊደል ድምፅ ያነቡት ነበር። አውሮፓውያን እነዚህን ድምፆች በራሳቸው ፊደል ለመጻፍ ነጥብና ሰረዝ እየጨመሩ ይቸገራሉ፤ እኛ ግን በግዕዝ ፊደል ያለ ችግር «ዐንኅ» ብለን እንጽፋቸዋለን። ዛሬ በአማርኛ ንግግር ዐይኑ ዐ ከአልፋው አ፥ ብዙኃኑ ኀ ከሃሌታው ሀ ባይለዩም፥ ፊደላችን በጥንት ጊዜ የተለያዩ እንደ ነበሩ ይመሰክራል። ዐረብኛ የሚያውቅ ተማሪም ሁለቱን ድምፆች ወዲያው ይለያቸዋል።

ግብፃውያን አናባቢ ድምፅ አይጽፉም ነበርና ቃሉ በፈርዖኖች ዘመን በትክክል እንዴት ይነገር እንደ ነበረ ከሥዕል ጽሕፈቱ ብቻ አይታወቅም። የዛሬ ሊቃውንት «አንክ» የሚሉት ለንግግር እንዲመቻቸው ነው። በኋላ ዘመን ግን የግብፅ ክርስቲያኖች ቋንቋቸውን በግሪክ ፊደል ሲጽፉ አናባቢውንም ጨመሩበት፤ በቅብጥ ቋንቋ «ኦንኅ» ማለት ሕይወት፥ ወይም መኖር ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ ቃሉ ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ ሳይሞት እንደ ቆየ እንረዳለን።

አሁን ጥያቄው፥ ይህ ቅርጽ ስለ ምን ሕይወት ተባለ? የሚል ነው። ሕይወት አይሣልም። ሰው፣ በሬ፣ ጀልባ ይሣላል፤ ሕይወት ግን መልክ የለውም። ግብፃውያን እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥማቸው በድምፅ የሚመሳሰል ሌላ ዕቃ ሥለው ያልፉ ነበር። ነገሩ በአማርኛ እንዲገባን ምሳሌ እንስጥ፦ ፊደል ባይኖረንና «ዋና ጉዳይ» ብለን መጻፍ ብንፈልግ፥ «ዋና» የሚለውን ለማስነበብ በውሃ ውስጥ የሚዋኝ ሰው ብንሥል ይበቃናል። የሥዕሉና የነገሩ ዝምድና በድምፅ ብቻ ነው፤ በምሥጢር አይደለም።

በግብፅ ቋንቋ ዐንኅ የሚል ድምፅ ያላቸው ቃላት ብዙ ነበሩ። ሕይወት ዐንኅ ነው፤ መስታወት ዐንኅ ነው፤ የአበባ እቅፍ ዐንኅ ነው፤ መሐላም ዐንኅ ነው፤ የጫማ ማሰሪያም እንደዚሁ። እንግሊዛዊው ሊቅ አላን ጋርዲነር በ1927 ባሳተመው የግብፅ ሰዋስው ላይ ምልክቱን ከጫማ ማሰሪያዎች ጋር መደበው፤ ቀለበቱ በቁርጭምጭሚት ዙሪያ የሚገባው፥ ቀጥ ብሎ የሚወርደውም በጣቶች መካከል የሚያልፈው ጠፍር ነው ማለቱ ነው። ሌሎች ሊቃውንት ደግሞ የተቋጠረ ጨርቅ ወይም ገመድ ነው ይላሉ። ክርክሩ አልተዘጋም። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ ይኸውም ምልክቱ መጀመሪያ ሰው በየቀኑ የሚይዘው ተራ ዕቃ እንደ ነበረ ነው። «የወንድና የሴት አንድነት ነው»፣ «የዓባይ ወንዝ ካርታ ነው» የሚሉት ትርጓሜዎች በኋላ ዘመን ሰዎች የመጡ እንጂ ግብፃውያን ጽፈው የተዉልን አይደሉም።

፪ በግብፃውያን ዘንድ የነበረው ሥራ

በቤተ መቅደስና በመቃብር ግድግዳ ላይ አማልክት ዐንኅን በቀለበቱ ይዘው ይታያሉ። ብዙ ጊዜም ወደ ንጉሡ አፍንጫ ያስጠጉታል፤ ትንፋሽ ይሰጡታል ማለት ነው። በሌላ ሥዕል ሁለት አማልክት ከማሰሮ ውሃ በንጉሡ ራስ ላይ ሲያፈሱ፥ የሚወርደው ውሃ በነጠብጣብ ፈንታ በተያያዙ ትናንሽ ዐንኆች ይሣላል።

ከንጉሥ ስም ቀጥሎ «ሕይወት፣ ደኅንነት፣ ጤና» የሚል ምርቃት በአጭሩ ይጻፍ ነበር፤ ከሦስቱ የመጀመሪያው ዐንኅ ነው። እኛ «ዕድሜና ጤና ይስጥልን» እንደምንለው ያለ ልማድ ነው። በ1799 የተገኘውና ሻምፖልዮን በ1822 የሥዕል ጽሕፈቱን ምሥጢር ለመፍታት የረዳው የሮዜታ ድንጋይም የንጉሥ ጥቶሌሚዎስን ስም ሲጽፍ በዚያው ክበብ ውስጥ «ለዘለዓለም ሕያው» ይለዋል፤ በዚያም ዐንኅ አለ።

ይህ ምልክት ምን ያህል ሥር የሰደደ እንደ ነበረ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ንጉሥ አኸናተን በ14ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት የጥንቱን አማልክት አምልኮ ሽሮ አተን የተባለውን የፀሐይ ክበብ ብቻ ባስመለከ ጊዜ፥ ብዙ የቆየ ነገር ተፋቀ። ዐንኅ ግን አልተፋቀም። የፀሐዩ ጨረሮች በሰው እጅ አምሳል ተሣሉ፤ እጆቹም ዐንኅን ለንጉሡና ለንግሥቲቱ አፍንጫ አቀረቡ። ወራሹ ሕፃን መጀመሪያ ቱት-ዐንኅ-አተን ይባል ነበር፤ የቀድሞው ሃይማኖት ሲመለስ ቱት-ዐንኅ-አሙን ተባለ፤ «ሕያው የአሙን ምስል» ማለት ነው። ሚስቱም ከዐንኅ-ኤስ-ኤን-ፓ-አተን ወደ ዐንኅ-ኤስ-ኤን-አሙን ተለወጠች። የአምላኩ ስም ወጣ፣ ሌላው ገባ፤ በመካከል ያለው ሕይወት የሚለው ቃል ግን ከስፍራው አልተነቃነቀም።

፫ እንጨት በግብፅ አገር

ዐንኅ ከድንጋይ፣ ከወርቅና በመስታወት መሳይ ቀለም ከተለበጠ ሸክላ ይሠራ ነበር። ከእንጨት የሚሠራው ግን የተለየ ነገር አለው፤ ምክንያቱም ግብፅ ድንጋይ የተረፋት፥ እንጨት ግን ያነሣት አገር ናትና።

በዓባይ ዳር የሚበቅሉት ዛፎች ለእኛ እንግዶች አይደሉም። ግራር አለ፤ ጠንካራ ነው፥ ነገር ግን ረጅምና ቀጥ ያለ ሳንቃ አይወጣውም። ቁርቁራ አለ። ከሁሉም ይልቅ የተለመደው ግን ሾላ ነበር፤ ያው በእኛ አገር በወንዝ ዳር ጥላውን ጥሎ የሚታየው ዛፍ ነው። ግብፃውያን ሐቶር የተባለችውን አምላክ «የሾላ እመቤት» ይሏት ነበር። የሾላ እንጨት ቀላልና ሻካራ ነው፤ ሆኖም በደረቁ የግብፅ አየር ውስጥ ሺህ ዓመታት ሳይበሰብስ ይቆያል።

መልካም ሳንቃ የፈለገ ከውጭ ያስመጣ ነበር። ዝግባ መሳዩ የሊባኖስ አርዘ ሊባኖስ በመርከብ ይመጣል፤ «የፓሌርሞ ድንጋይ» የተባለው ጥንታዊ መዝገብ ንጉሥ ስነፍሩ በዚህ እንጨት የተሞሉ 40 መርከቦች እንዳስመጣ ይናገራል። ጥቁሩ ዞጲ ደግሞ ከደቡብ ይመጣል። ግብፃውያን «ህብኒ» ይሉት ነበር፤ ግሪኮችም ቃሉን ከእነርሱ ወስደው «ኤቤኖስ» አሉት፤ ዛሬ በአውሮፓ ቋንቋዎች ሁሉ የሚጠራበት ስም ከዚያ የወጣ ነው። ንግሥት ሐትሸፕሱት በ15ኛው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በፊት ወደ ፑንት አገር የላከቻቸው መርከቦች ዕጣንና ከርቤ፣ ዝንጀሮና ዞጲ ጭነው ሲመለሱ በዴር ኤል ባሕሪ ቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። የፑንት ስፍራ ብዙ ያከራከረ ነገር ነው። በ2020 የታተመ ምርመራ ግን በግብፅ የተገኙትን የዝንጀሮ በድኖች ጥርስና አጥንት መርምሮ፥ የመጡት የዛሬይቱ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲና ሶማሊያ ካሉበት ወገን እንደ ሆነ አመልክቷል። እንግዲህ ከቀይ ባሕር ወዲህ ያለው አገር በዚያ የእጅ ሥራ ውስጥ ድርሻ እንደ ነበረው መናገር ያለ መሠረት አይሆንም።

፬ ጠራቢው እንዴት ይሠራ ነበር?

የግብፅ እንጨት ሠሪ መላጊያ አያውቅም ነበር። መሣሪያዎቹ የመዳብ፥ በኋላም የነሐስ መጋዝ፣ መጥረቢያ፣ እንደ ዶማ አፉ ወደ እጀታው የዞረ መጥረቢያ፣ መሮ፣ በደጋን ገመድ የሚሽከረከር መሰርሰሪያና ለማለስለሻ የሚሆን የአሸዋ ድንጋይ ነበሩ። በ1920 በመከትሬ መቃብር ከተገኙት ከእንጨት የተሠሩ ትናንሽ አምሳያዎች አንዱ የአናጢዎች ቤት ነው፤ በውስጡ ሠራተኛው ግንዱን ከቆመ ምሰሶ ጋር አስሮ ከላይ ወደ ታች ሲሰነጥቀው ይታያል። በረኽሚሬ መቃብር ሥዕልም በእሳት ላይ የተጣደ የማጣበቂያ ማሰሮ አለ፤ ማጣበቂያው ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ነበር።

ዐንኅን ከእንጨት ማውጣት ሲያዩት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ቅርጹ ራሱ ከእንጨት ጠባይ ጋር ይጣላል። ማገዶ የፈለጠ ሁሉ እንደሚያውቀው እንጨት በቁመቱ የተዘረጋ ጅማት አለው። በጅማቱ መንገድ ሲመቱት ይሰነጠቃል፤ ጅማቱን ተሻግረው ሲመቱት ግን ይበረታል። አሁን ዐንኅን ከአንድ ሳንቃ እንቁረጥ ብንል፥ ጅማቱ በቁመቱ ከሄደ እግሩ ይጠነክራል፤ ሁለቱ ክንዶች ግን ጅማታቸው አጭርና የተቋረጠ ይሆናል። ጥቂት ቢነካ ክንዱ ይገነጠላል። ጅማቱን በአግድም ብናደርገው ደግሞ ክንዶቹ ይድኑና እግሩ ይሰበራል። የቀለበቱም ነገር እንደዚሁ ነው፤ ጎንና ጎኑ ሲጸና አናቱ ይደክማል።

ለዚህ ችግር መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ ቅርጹን ወፍራም አድርጎ መተው ነው፤ ወይም ክንዱን ለብቻው ጠርቦ፥ ምላስ አውጥቶ፥ በእግሩ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ውስጥ ማስገባትና በእንጨት ችንካር ማሰር ነው። ግብፃውያን ይህን ሁለተኛውን ጥበብ ገና በፒራሚዶች ዘመን ጠንቅቀው ያውቁት ነበር። ፈረንሳዊው ማሪየት በ1860 በሳቃራ ያገኘው የካዐፐር የእንጨት ሐውልት ክንዶቹ ለብቻ ተሠርተው የተቀጠሉ ናቸው። ቆፋሪዎቹ ሐውልቱን ባወጡት ጊዜ የመንደራቸውን ሹም ስለ መሰላቸው «ሼኽ ኤል በለድ» ብለው ጠሩት፤ እስከ ዛሬም በዚሁ ስም ይታወቃል።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ማልበስ ነው። የእንጨቱ ስንጥቅና ዐይን በትንንሽ ቁራጭ ይደፈናል፤ በላዩ በማጣበቂያ የተለወሰ የነጭ ድንጋይ ዱቄት ይቀባል፤ ሲደርቅ ይለሰልስና ቀለም ወይም ስስ ወርቅ ይለበሳል። በዚህ ምክንያት በቤተ መዘክር «የወርቅ ዕቃ» እያልን የምናደንቀው ብዙው ነገር ውስጡ እንጨት ነው።

ምልክቶችን ከእንጨት የሚጠርቡ ሰዎች ሲሠሩም ማየት ይቻላል። በቴቤ «የሁለቱ ቀራጮች መቃብር» በተባለው ስፍራ፥ ሠራተኞች ተቀምጠው ጸናት የሚባለውን ዓምድ መሳይ «ጀድ» እና ከዐንኅ ጋር የሚመሳሰለውን ቋጠሮ «ትየት» አንድ በአንድ ሲጠርቡና በአንድ ትልቅ የእንጨት ሥራ ላይ ሲሰካኩ ተሥለዋል።

፭ መስታወት የሌለበት የመስታወት ቤት

ሃዋርድ ካርተር የቱታንኻሙንን መቃብር ደረጃ ያገኘው በኅዳር 4 ቀን 1922 በአውሮፓውያን ወር አቆጣጠር ነበር። ከዚያ ከወጡት ከ5,000 በላይ ዕቃዎች መካከል ለዚህ ጽሑፍ የሚስማማው አንድ ትንሽ የእንጨት ሣጥን ነው። ቁመቱ ወደ 27 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ መልኩ ሙሉ በሙሉ ዐንኅ ነው፤ ውጪው በወርቅ፥ ውስጡ በስስ ብር ተለብጧል፤ በቀለበቱ ውስጥ የንጉሡ ስም በቀለም ብርጭቆ ተጽፏል። ይህ የንጉሡ መስታወት ማኖሪያ ነበር። በዚያ ዘመን መስታወት ማለት እጀታ ያለው የተወለወለ ማዕድን ነው፤ እርሱም ራሱ ክብና ዘንግ ያለው ስለ ሆነ በዐንኅ ቅርጽ ውስጥ ልክ ይገባል።

እንግዲህ አንባቢ ቀደም ብለን የተናገርነውን ያስታውስ፦ ዐንኅ ሕይወት ነው፤ ዐንኅ መስታወት ነው። ሠሪው በአንድ ቅርጽ ሁለት ቃል ተናገረ። በእኛ አገር ሰምና ወርቅ የሚያውቅ ሰው ይህን ጨዋታ ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ አያሻውም፤ ልዩነቱ እዚያ ቅኔው በእንጨት መቆረጡ ነው። ነገር ግን ካርተር ሣጥኑን ሲከፍተው መስታወቱ አልነበረም። መቃብሩን በጥንት ጊዜ ሌቦች ሁለት ጊዜ እንደ ገቡበት ከምልክቶቹ ታውቋል፤ ማዕድኑን ሳይወስዱት አልቀሩም። ወርቅ የለበሰው እንጨት ቀርቶልናል፤ የጠረበው ሰው ስም ግን አልቀረልንም።

፮ የእኛ መስቀል አባት ነውን?

አሁን ብዙ ጭቅጭቅ ወደሚያስነሣው ነገር ደረስን። የግብፅ ክርስቲያኖች ዐንኅን ተቀብለው የመስቀል ምልክት አድርገውት እንደ ነበር እርግጥ ነው። በቅብጥ የመቃብር ድንጋይ፣ በጨርቅና በመጽሐፍ ላይ ባለ ቀለበቱ መስቀል ይገኛል። የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው ሶቅራጥስ እንደ ጻፈው፥ በ4ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ በእስክንድርያ የሴራፒስ ቤተ መቅደስ ሲፈርስ በድንጋዮቹ ላይ መስቀል የሚመስሉ ጽሕፈቶች ተገኙ። ክርስቲያኖቹም አረማውያኑም «የእኛ ነው» ብለው ተከራከሩ፤ የጥንቱን ጽሕፈት የሚያውቁ አማኞች ግን ትርጉሙ «የሚመጣው ሕይወት» ነው አሉ። ትርጉሙን እንደየሃይማኖታቸው ቢያሰፉትም፥ ሕይወት ማለቱን አልሳቱም።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም ከ4ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ጳጳሶቿን ከእስክንድርያ ስትቀበል ኖራ በ1959 የራሷን ፓትርያርክ ስላገኘች፥ በሁለቱ አገሮች መካከል መንገድ እንደ ነበረ ማንም አይክድም። ነገር ግን መንገድ መኖሩና ዕቃው በዚያ መንገድ መጣ ማለት ሁለት ነገር ነው። መስቀል ሁለት መሥመር ሲሻገሩ የሚወጣ ቅርጽ ነው፤ በራሱ ላይ ቀለበት የተጨመረበትም ለማንጠልጠያ ሊሆን ይችላል። ሁለት ሰዎች ፊታቸው ስለ ተመሳሰለ ብቻ ወንድማማች ናቸው አይባልም፤ ወላጆቻቸው ይጠየቃሉ። ዝምድናውን የሚያስረዳው ዘመኑ የታወቀ፥ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያገናኝ ተከታታይ ሥራ ሲገኝ ነው። እስከዚያ ድረስ «ሊሆን ይችላል» ማለት የዐዋቂ አነጋገር ነው፤ «ነው» ብሎ መማል ግን አገርን መውደድ ሳይሆን አገርን ለትችት ማጋለጥ ነው። የገዛ ጠራቢዎቻችን ከወይራና ከዋንዛ ያወጧቸው መስቀሎች ክብር እንዲያገኙ ከፈርዖን መወለድ አያስፈልጋቸውም።

፯ እውነተኛውን ከአስመሳዩ መለየት

በመጨረሻ «ይህ ከመቃብር የወጣ ነው» እየተባለ ስለሚሸጠው እንጨት ጥቂት ቃል እንበል። በግብፅ በ1983 የወጣው 117ኛው ሕግ የጥንት ቅርስ መሸጥን ከልክሏል። ስለዚህ በገበያ በግልጥ የሚሸጠው ወይ አዲስ ሥራ ነው፥ ወይም የተሰረቀ ነው። አዲሱን ሥራ አዲስ ነው ብሎ መግዛት ምንም ነውር የለበትም፤ የዛሬው ጠራቢም የድካሙን ዋጋ ሊያገኝ ይገባዋል።

የእንጨት ዕድሜ በካርቦን 14 እንደሚለካ የሳይንስ ተማሪዎቻችን ያውቃሉ። ይህ ዘዴ ሲፈተን ከመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች አንዱ ከንጉሥ ዞሰር መቃብር የተወሰደ የግራር እንጨት ነበር፤ ዘዴውን ያወጣው ዊላርድ ሊቢ ውጤቱን ከአርኖልድ ጋር በ1949 አሳተመ፤ በ1960ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ነገር ግን ልብ ማለት የሚገባ ነገር አለ፦ ካርቦን የሚነግረን ዛፉ የኖረበትን ዘመን እንጂ መሮው ያረፈበትን ቀን አይደለም። አታላይ ከጥንት የሬሳ ሣጥን ላይ ቁራጭ ወስዶ ዛሬ ዐንኅ ቢጠርብበት፥ መሣሪያው «ሦስት ሺህ ዓመት» ብሎ ይመሰክርለታል። ከዚህም የተነሣ የመሣሪያ ፋና፣ የቀለሙ ዓይነትና ዕቃው የተገኘበት ስፍራ አብረው መመርመር አለባቸው። ከተገኘበት ስፍራ የተነቀለ ቅርስ ምስክርነቱ የተቆረጠበት ነው፤ ቱታንኻሙን በዕቃዎቹ መካከል በስፍራው ባይገኝ ኖሮ ባዶው የመስታወት ቤት ለማን እንደ ተሠራ፥ መስታወቱም እንደ ጎደለ ማን ይነግረን ነበር?

እንግዲህ ከጓደኞቻችን አንዱ ይህን የእንጨት ቅርጽ ይዞ ቢገኝና ምንድን ነው ተብሎ ቢጠየቅ፥ የዓባይ ቁልፍ ነው ብሎ አይመልስ። «ስሙ ዐንኅ ነው፤ ሕይወት ማለት ነው፤ በዐይኑ ዐ እና በብዙኃኑ ኀ ይጻፋል» ይበል። ቀጥሎም እንጨቱን ገልብጦ ይመልከትና ጅማቱ በየት እንደሚሄድ፥ ክንዱ ከአንድ ሳንቃ የተቆረጠ ወይም የተቀጠለ መሆኑን ያሳይ። ይህን ያህል የተናገረ ተማሪ የሠሪውን ስም ባያውቅም ሥራውን አክብሮታል።